ፒካሳ ላይ ያለ የቤተሰብ ፎቶ ወደ አዲስ ላፕቶፕ ሲዛወር ስሞቹ ይተርፋሉ?

ሳላይሽ ሰፈር፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። ፒካሳ የሚባለውን የጉግል ፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም በደንብ የምታውቁ ካላችሁ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።

የቤተሰባችን ፎቶ በሙሉ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው ያለው። ብዙ ነው። ስካን የተደረጉ የአባቴ የወረቀት ፎቶዎች አሉ፣ በዲጂታል ካሜራ የተነሱ አሉ፣ የቀረው ከየዘመዱ ስልክ የተለቀመ ነው። ያደራጀው ታላቅ ወንድሜ ነው፣ አሁን ውጭ አገር ይኖራል። ለዓመታት ማታ ማታ እየተቀመጠ ለእያንዳንዱ ፊት ስም ሰጥቷል። የአንዱን አጎቴን ስም ስነካ ከልጅነቱ እስከ ሽበቱ ያለው ፎቶ ተሰልፎ ይመጣል። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ አላየሁም።

አሁን ላፕቶፑ ደክሟል። ዊንዶውስ 7 ነው። ባትሪው ስለሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር ድርግም ይላል፣ አንድ ቀን ጨርሶ እንዳይነሳ ፈርቻለሁ። ዊንዶውስ 11 ያለው አዲስ ላፕቶፕ ገዝተናል። ፒካሳ እሱ ላይ ይሠራል? ጉግል ትቶታል ሲባል እሰማለሁ። ፎቶዎቹን ወደ ሀርድ ዲስክ ብገለብጣቸው ስሞቹ አብረው ይሄዳሉ ወይስ ፎቶው ብቻ ነው የሚሄደው? አንድ ኮምፒውተር ቤት ያለ ልጅ «ሁሉንም ጉግል ፎቶስ ላይ ጫኚና ተገላገይ» አለኝ፣ ግን ልቤ አልተቀበለውም።

ሌላው ደግሞ የቀን ነገር ነው። ስካን የተደረጉት ሁሉ የሚያሳዩት ስካን የተደረጉበትን ቀን ነው። የ1985ቱ ጥምቀት ከ2004ቱ ሠርግ ጋር ተደባልቆ ይወጣል።

ስም ያልተሰጣቸው ፊቶችም ገና ብዙ አሉ። የድሮዎቹን የምታውቃቸው አያታችን ብቻ ናት። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ እሷ እያለች ልጨርሰው እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?


ጦሳ ስር፦

እህቴ አብሽሪ፣ ይሠራል። እኔ ራሴ ዊንዶውስ 11 ላይ እየተጠቀምኩበት ነው።

መጀመሪያ «ትቶታል» የሚባለውን ላጥራልሽ። ጉግል ፒካሳን የገዛው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። በ2016 መጀመሪያ ላይ እንደሚዘጋው አሳወቀ፣ ማርች 15 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ድጋፉን አቆመ። ከዚያ ወዲህ አፕዴት የለም፣ ከጉግል ገጽም ማውረድ አይቻልም። ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ግን እንደ ድሮው ይሠራል፣ ምክንያቱም ዋናው ሥራው ኢንተርኔት አይፈልግም። የሞተው ከኢንተርኔት ጋር የተያያዘው ብቻ ነው፤ ዌብ አልበሙ፣ በጉግል አካውንት መግባቱ፣ እንዲህ ያለው። ፊት መለየቱ እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ስለሆነ አለ።

ዋናው ጥያቄሽ የስሞቹ ነው፣ እሱ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። ፒካሳ ስም ሲሰጠው ፎቶው ላይ አይጽፈውም፣ ካልታዘዘ በስተቀር። የሚያስቀምጠው ሌላ ቦታ ነው። በየፎልደሩ ውስጥ «ነጥብ ፒካሳ ነጥብ አይኤንአይ» የሚባል የተደበቀ ትንሽ ፋይል አለ። እሱ ፊቱ ፎቶው ላይ የት ጋ እንዳለ እና የሰውየውን መለያ ቁጥር ይይዛል። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ዋናው ዝርዝር የተጻፈው «ኮንታክትስ» የሚባል ፋይል ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ ያለው ሲ ድራይቭ ላይ በተጠቃሚው ስም ሥር፣ «ሎካል» በሚባለው የ«አፕዳታ» ክፍል፣ «ጉግል» ውስጥ፣ «ፒካሳ2» የሚለው ፎልደር ውስጥ ነው። አየሽ አይደል? ፎቶዎቹን ብቻ መርጠሽ ብትገለብጪ ሁለቱም ይቀራሉ፣ የወንድምሽ የዓመታት ልፋት አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ ስሙ ፎቶው ውስጥ ይግባ። ከፎቶው ጋር ከተጻፈ ፒካሳ ቢሞትም ጉግል ቢፈርስም ስሙ ፎቶው ካለበት አለ። እንዲህ አድርጊ።

ምንም ከመንካትሽ በፊት ፎልደሮቹን እንዳሉ በሙሉ ወደ ሀርድ ዲስክ ገልብጪ። ከውስጥ ፎቶ ፎቶውን መርጠሽ ሳይሆን ፎልደሩን ራሱን። እንደዚያ ሲሆን የተደበቁት ፋይሎች አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ ያልኩሽን የጉግል ፎልደር ክፈቺና «ፒካሳ2» እና «ፒካሳ2 አልበምስ» የሚሉትን ሁለቱን ገልብጪ። ይህ መጠባበቂያሽ ነው፣ ለብቻው ይቀመጥ።

ቀጥሎ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ፒካሳን ክፈቺ። «ቱልስ» ውስጥ «ኦፕሽንስ»፣ እዚያ «ኔም ታግስ» የሚል አለ። «ስቶር ኔም ታግስ ኢን ፎቶ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። ይህ ከአሁን በኋላ ለምትሰጪው ስም ነው። ለቀድሞዎቹ ደግሞ እንደገና «ቱልስ» ገብተሽ «ኤክስፐሪመንታል» ውስጥ «ራይት ፌስስ ቱ ኤክስኤምፒ» የሚለውን ጫኚ፤ ኤክስኤምፒ ማለት ፎቶው ፋይል ውስጥ ስለ ፎቶው መረጃ የሚጻፍበት መንገድ ነው። ያኔ ስሞቹን ከየፎቶው ጋር መጻፍ ይጀምራል። ፎቶው ብዙ ስለሆነ ይቆያል። መብራት እንዳይቋረጥብሽ ብቻ፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ስለሆነ ጄነሬተር ወይ ዩፒኤስ ያለበት ቦታ ይዘሽው ሂጂ። እየጻፈ እያለ ቢጠፋ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል።

በአማርኛ የተጻፈ ስም ይበላሻል ብለሽ አትስጊ፣ ኤክስኤምፒ የሚጠቀመው የየቋንቋውን ፊደል የሚይዘውን ዩኒኮድ ስለሆነ ፊደሉ እንዳለ ይቀመጣል።


ባቲ ሰኞ፦

ጦሳ ስር ጥሩ አድርጎ አስረድቷል፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ የምትጭኚውን ፒካሳ ከየቴሌግራም ቻናሉ አታውርጂ። ፒካሳ ነው ብለው ሌላ ነገር የሚያሽጉ አሉ። የመጨረሻው እትም 3.9 ነው። ያገኘሽውን ፋይል በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ገብተሽ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚለውን እዪ። ጉግል ኢንክ የሚል ፊርማ ከሌለው አትክፈቺው። ወንድምሽ የጫነበት ፋይል አሮጌው ላፕቶፕ ላይ «ዳውንሎድስ» ውስጥ ካለ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።


የወልዲያው ልጅ፦

እኔ በዚህ አልስማማም። የሞተ ሶፍትዌር ላይ ለምን ትደክማላችሁ? ጉግል ፎቶስ ፊት ይለያል፣ ፍለጋው ከፒካሳ ይበልጣል፣ ላፕቶፕ ቢሰረቅ እንኳ ፎቶው አለ። ውጭ ያለው ወንድሟም እዚያው ሆኖ ያየዋል። የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ እውነቱን ነው።


ጦሳ ስር፦

ወንድሜ የወልዲያው፣ ወንድሟ ከውጭ ሆኖ ማየቱ ትልቅ ነገር ነው፣ እሱን አልክድህም። ነገር ግን ሦስት ነገር አስብ። በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፣ እሱም ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር የሚካፈል። ያለ ገደብ የነበረው ከጁን 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። ከዚያ በላይ በየወሩ በዶላር ነው የሚከፈለው፣ ክፍያ የተቋረጠ ቀን ምን እንደሚሆን አስበው። ሁለተኛ፣ በዚህ በእኛ ኔትወርክ ያንን ሁሉ ፎቶ በሞባይል ዳታ መጫን ፓኬጅ ይጨርሳል እንጂ አያልቅም፣ ኔት ጨርሶ የጠፋበትን ጊዜም ሁላችንም እናውቀዋለን። ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው፤ ጉግል ፎቶስ ፒካሳ የጻፈውን የፊት ስም አያነብም። ወንድሟ የሰጠውን ስም ሁሉ እንደገና ከዜሮ መስጠት ሊኖርባት ነው፣ እዚያ የሰጠችውም ስም ፎቶው ውስጥ አይገባም።

ለዘመድ ማሳያ የተመረጡትን እዚያ ትጫን፣ ደስ ይላል። መዝገቡ ግን በእጇ ይሁን።


የወልዲያው ልጅ፦

ስሙን እንደማያነብ አላወቅሁም ነበር። እንደዚያ ከሆነ ልክ ነህ፣ መጀመሪያ ስሙ ይጻፍ።


የኮምቦልቻው፦

ስለ መገልበጡ ጦሳ ስር ያለውን እኔ በቤታችን ስላየሁት ላስረግጠው። በ2014 ጥቅምት ከከተማ ስንወጣ ኮምፒውተሩ ቤት ቀረ፣ ስንመለስ አልነበረም። ፎቶዎቻችንን ያተረፋቸው አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ የነበረ ሀርድ ዲስክ ነው። ፎቶው በሙሉ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ስሞቹ ግን አንድም የለም፣ ዲስኩ ላይ የተገለበጠው ፎቶ ፎቶው ብቻ ነበር። የአባቴን ጓደኞች ፊት አየዋለሁ፣ ማን እንደሆኑ የሚነግረኝ ሰው የለም። ስለዚህ እህቴ ዛሬ ነገ አትበይ። ሁለት ዲስክ ይኑርሽ፣ አንዱ ከደሴ ውጭ ይቀመጥ። ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ ከሆኑ አንድ ዲስክ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ፣ እሱን በደንብ ሠርቼበታለሁ። ፒካሳ ውስጥ ፎቶዎቹን አንድ ላይ ምረጪና «ቱልስ» ውስጥ «አጀስት ዴት ኤንድ ታይም» የሚለውን ክፈቺ። የተመረጡትን ሁሉ አንድ ቀን ስጣቸው ማለት ይቻላል፣ ወይም ሁሉንም በእኩል መጠን ወደኋላ መሳብ። ካሜራው ቀኑ ሳይስተካከል ለተነሱት ሁለተኛው ነው የሚሆነው፤ ለስካን የመጀመሪያው።

የሚቀበለው ግን የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው፣ ስለዚህ መቀየር አለብሽ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ አካባቢ ያለው ላይ 7 ዓመት ትጨምሪያለሽ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ ያለው ላይ 8። የጠቀስሽው ጥምቀት ጥር 11 ቀን 1985 ነው፣ ጃኑዋሪ 19 ቀን 1993 ይሆናል። ዓመቱን ብቻ ካወቅሽ ቀኑን ገምተሽ አስገቢና ከፎቶው ሥር ካፕሽኑ ላይ «ዓመቱ ብቻ ነው የታወቀው» ብለሽ ጻፊ። አለበለዚያ ከዓመታት በኋላ የሚያየው ሰው የገመትሽውን እውነት አድርጎ ይወስደዋል።

የፎልደሩን ስም ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ስጪው። «1985 ጥር፣ ጥምቀት» በቂ ነው። ዓመቱ ከፊት ከሆነ ፎልደሮቹ ራሳቸው በቅደም ተከተል ይደረደራሉ። እናትሽም አጎትሽም ሲከፍቱት ሒሳብ ሳይሠሩ ይገባቸዋል።

እንዲሁም የወረቀት ፎቶዎቹ አሁንም ካሉ ጀርባቸውን ስካን አድርጊ! ሰው ሁሉ ፊቱን ብቻ ነው የሚያደርገው። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ቀኑ፣ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ተብሎ የተጻፈው፣ የአባትሽ የእጅ ጽሑፍ፣ ሁሉም ጀርባ ላይ ነው ያለው። እኔ ዘንድ አንድ ፎቶ አለ፣ ሃይቅ ዳር አራት ወጣቶች ቆመው፣ አንዱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ። ፊቱን ብቻ ብታዪ ምንም አይነግርሽም። ጀርባው ላይ በሐምራዊ እስክሪብቶ የአራቱም ስም ከግራ ወደ ቀኝ ተጽፏል፣ ከአባታቸው ስም ጋር። ከነዚያ ሁሉ ፎቶዎች ስማቸውን መልሼ ያገኘሁት የእነሱን ነው።


ሃይቅ ዳር፦

እኔ የምናገረው ስለ አያትሽ ነው። ይህ ከቴክኒኩ ይቅደም፣ ቴክኒኩ ነገም አለ።

እኛ ከእምዬ ጋር ያደረግነው በቡና ሰዓት ነው። ልዩ ቀጠሮ አልያዝንም፣ «ቁጭ በይና ንገሪን» ካልሽ ትጨነቃለች፣ ትረሳለችም። አቦሉ ተቀድቶ ጎረቤቱ ሲሰበሰብ ላፕቶፑን ከፊቷ አድርጊው። ፒካሳ ያልተሰየሙትን ፊቶች በአንድ ቦታ ይሰበስባል፣ ግን ፊቱን ብቻ ቆርጦ ነው የሚያሳየው፣ ትንሽ ነው፣ ለትልቅ ሰው ዓይን ከባድ ነው። ስለዚህ ፎቶውን ራሱን በሙሉ ስክሪን ክፈቺላት። ሰው የሚታወቀው በፊቱ ብቻ አይደለም። እምዬ አንዲትን ሴት በፊቷ ሳታውቃት ሻሽ አስተሳሰሯን አይታ «ይቺማ የወረባቦዋ ናት፣ ሠርጌ ላይ እንጀራ የጋገረችው» አለች። ጎረቤቶቹም ይረዳሉ፣ አንዷ ስትረሳ ሌላዋ ታስታውሳለች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ሠርግ ላይ፣ አንድ ለቅሶ ላይ ስለነበሩ የአንዱን ዘመድ ሌላው ያውቀዋል።

የስልክሽን ድምፅ መቅጃ ከፍተሽ አጠገባቸው አስቀምጪ፣ እየቀዳሽ እንደሆነም ንገሪያቸው። አንቺ ስሙን ስትጽፊ ታሪኩ ያልፍሻል። እኛ ያተረፍነው ቅጂ ከስሞቹ እኩል ዋጋ አለው። ሲደክማት አቁሚ፣ በረካ ላይ ሳትደርሱም ቢሆን።

ስም ስትሰጪ ሁለት ነገር ጠብቂ። አንዱ አጻጻፉ ነው፤ ሐሰን፣ ሀሰን፣ ሃሰን ብለሽ በሦስት ዓይነት ከጻፍሽው ፒካሳ ሦስት ሰው አድርጎ ነው የሚይዘው። አንዱን መርጠሽ ደብተር ላይ አስፍሪ፣ ሁልጊዜ እሱን ተጠቀሚ። ሌላው የስም መመሳሰል ነው። በእኛ አገር ስንት ሰይድ አሊ፣ ስንት መሐመድ ይመር አለ? የአያት ስም ወይ የሰፈር ስም ጨምሪበት፣ «ሰይድ አሊ የቧንቧ ውሃው» ብትይ ማንም አይሳሳትም።

ፒካሳ በግምት «ይህ እገሌ ነው?» ብሎ ሲጠይቅሽም ሁሉንም በአንዴ አዎ አትበዪ። ወንድማማቾችን ያደባልቃል፣ አባትና ልጅንም።


ሳላይሽ ሰፈር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ወንድሜ የኮምቦልቻው በአባትህ ጓደኞች ልቤ ተነክቷል። ሃይቅ ዳር፣ ጎረቤቶቹን መጥራት በፍጹም አላሰብኩትም ነበር፣ ቅዳሜ እናደርገዋለን።

መጠባበቂያው ተገልብጧል፣ አንዱ ዲስክ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። መብራት የማይቋረጥበት ቢሮ ተፈቅዶልኝ ስሞቹን የመጻፉንም ሥራ አስጨርሻለሁ። ግን መጻፉን በምን አውቃለሁ? ለወንድሜ አንዱን በቴሌግራም ልኬለት ምንም ስም አላየሁበትም አለኝ። ደግሞ ወንድሜ የሠራቸው አልበሞች አሉ፣ «የእናት ወገን»፣ «ግሸን ጉዞ» የሚሉ፣ እነሱ ሀርድ ዲስኩ ላይ በፎልደር መልክ አይታዩም። ጠፉ?


ጦሳ ስር፦

አልጠፉም። የፒካሳ አልበም ፎልደር አይደለም፣ የፎቶዎች ዝርዝር ነው። ሌላ ፕሮግራም ላይም እንዲታይ ከፈለግሽ አልበሙን ክፈቺ፣ ሁሉንም ምረጪ፣ ኮንትሮል ቲ ተጭነሽ የአልበሙን ስም ታግ (መለያ ቃል) አድርገሽ ስጪያቸው። ታግ ፎቶው ውስጥ ይጻፋል። ኮከብ የተደረገባቸውንም እንዲሁ፣ ኮከቡ ፎቶው ውስጥ ስለማይገባ።

ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፣ ውስጡ የተጻፈውንም ሁሉ ያራግፋል። ለወንድምሽ «ፋይል» በሚለው በኩል ላኪለት። ከዘመድ የምትቀበዪውንም እንደዚያ እንዲልኩልሽ ንገሪያቸው፣ ያለበለዚያ የተነሳበት ቀን እንኳ አይገኝም። አይፎን ያላቸው ካሉ ደግሞ ሴቲንግስ ውስጥ ካሜራ፣ ፎርማትስ፣ «ሞስት ኮምፓቲብል» ይምረጡ። ፒካሳ ኤችኢአይሲ የሚባለውን የአይፎን የፎቶ ፋይል ዓይነት አይከፍትም።

ለማረጋገጥ ዲጂካም የሚባለውን ሌላ የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ጫኚ። ነጻ ነው፣ እስከ አሁን አፕዴት ይደረጋል፣ ፊትም ያለ ኢንተርኔት ይለያል። መጀመሪያ ሲከፈት ብቻ ለፊት መለያው መቶዎች ሜጋባይት የሚሆን ነገር ላውርድ ይልሻል፣ ዋይፋይ ያለበት አድርጊው። ስም የተሰጣቸውን ጥቂት ፎቶዎች አስገቢለት። ስሙ ከፊቱ ላይ ከታየ ተጽፏል ማለት ነው። ጊዜ ሲኖርሽ ወደ እሱ ጠቅልለሽ ግቢ። ለአያትሽ ሥራ ግን የለመድሽውን ፒካሳ ተጠቀሚ፣ አሁን አዲስ ነገር መማሪያ ሰዓት አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር፣ ወንድምሽ የቆረጣቸው ወይ ያቀላቸው ፎቶዎች ሌላ ፕሮግራም ላይ ሳይቆረጡ ሊታዩሽ ይችላሉ። ፒካሳ ማስተካከያውን «ሴቭ» እስኪባል ፋይሉ ላይ አይሠራውም። ሴቭ ሲባልም ዋናውን በተደበቀ ፎልደር ያስቀምጠዋል።


ሳላይሽ ሰፈር፦

ዲጂካም ላይ አየኋቸው! ስሞቹ በአማርኛ እንዳሉ ናቸው። አንድ ፎልደር ብቻ ባዶ ሆነብኝ፣ የአባቴ በጣም የድሮዎቹ ስካን። ፋይላቸው ጄፔግ ሳይሆን ቲፍ ነው የሚለው።


ጦሳ ስር፦

ምክንያቱ እሱ ነው፣ ፒካሳ የሚጽፈው ጄፔግ ላይ ነው። ከፒካሳ ውስጥ «ኤክስፖርት» ብለሽ የጄፔግ ቅጂ አውጪ፣ ጥራቱን ከፍተኛ አድርጊው። አያትሽ ስትሰይማቸው በቅጂዎቹ ላይ ስሪ። ቲፎቹን ግን እንዳታጠፊያቸው፣ ዋናዎቹ እነሱ ናቸው፣ በሁለቱም ዲስክ ላይ ይቀመጡ።